የአርሶ አደር ቤተሰብ መሬትና ንብረት በወራሾች መካከል እንዴት ይከፈላል?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የሚገኘው የደብረ ኤልያስ ወረዳ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በቅኔ ጉባኤውና በእርሻው። ታዋቂው ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተከታተሉባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ኤልያስ ነው። ምድሩ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ አብቃይ ነው። ኑሮ በእርሻ ላይ በቆመበት በዚህ አካባቢ አባት ወይም እናት ሲያልፉ ከሐዘኑ ጎን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ማሳውን ማን ይረስ? በሬው ለማን ይድረስ? ባሕር ዛፉን ማን ይቁረጥ? እናት የት ትኑር? ያገባችው እኅት ድርሻ አላት ወይ?

ይህ ጥያቄ በወቅቱና በሥርዓቱ ካልተመለሰ ወንድማማቾችን ለዓመታት በፍርድ ቤት ያመላልሳል፤ አንዳንዴም ከድንበር ጠብ አልፎ ደም ያፋስሳል። ይህ ጽሑፍ የአርሶ አደር ቤተሰብ ውርስ በየትኛው ሕግ እንደሚመራ፣ ማን ምን እንደሚወርስ፣ ኑዛዜ መቼ እንደሚጸና እና ክፍፍሉ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈጸም ያብራራል።

ከርስት እስከ ይዞታ ደብተር

የዛሬውን ክርክር ለመረዳት የኋላውን ማወቅ ይጠቅማል። በጎጃም ለብዙ ዘመን የቆየው የርስት ሥርዓት መሬትን ከአንድ አቅኚ አባት ጋር ያያይዝ ነበር። የአቅኚው ተወላጅ የሆነ ሁሉ፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ ወገን ቆጥሮ፣ ከርስቱ ድርሻ ይገባኛል ሊል ይችል ነበር። ሴቶችም ርስት ይወርሱና ለልጆቻቸው ያስተላልፉ ነበር። በደጋ ዳሞት ጥናት ያካሄደው አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር አለን ሆበን እ.ኤ.አ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ይህ የዘር ቆጠራ የአንዱን ሰው መብት ከብዙ አቅኚ አባቶች ጋር ያገናኘው ስለነበር የመሬት ክርክር የገበሬው የዕለት ከዕለት ኑሮ አካል ነበር።

ጎጃሜው ርስቱን ምን ያህል አጥብቆ ይይዝ እንደነበር በ1960 ዓ.ም ታይቷል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» በሚል ስጋት ተነሣ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ግብሩን በጠቅላይ ግዛቱ ተፈጻሚ ማድረግ አልቻለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የርስትን ሥርዓት ዘጋው። መሬት መሸጥ፣ መለወጥና ማስያዝ ተከለከለ። ባለይዞታው ሲሞት በመሬቱ የመጠቀም መብት ለትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ፣ እነርሱ ከሌሉም ለአካለ መጠን ለደረሰ ልጁ እንዲተላለፍ አዋጁ ደነገገ። በዚህም ከሩቅ አያት ተቆጥሮ የሚመጣ የርስት ጥያቄ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ።

በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም የተካሄደው የመሬት ድልድል ይዞታን እንደገና አሸጋሸገ። ዛሬ በብዙ ቤተሰቦች እጅ ያለው ማሳ መነሻው ያ ድልድል ነው። ከዚያ በኋላ ይዞታን በመዝገብ የማጽናት ሥራ ተጀመረ፤ በ1995 ዓ.ም አካባቢ ሙከራው ከተካሄደባቸው ወረዳዎች አንዱ የደብረ ኤልያስ ጎረቤት የሆነው ጎዛምን ነበር። የባልና የሚስት ስም በአንድነት የሰፈረበት፣ ፎቷቸው የተለጠፈበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዳርሷል። በኋላም ማሳዎች በካርታ ተለክተው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ መሰጠት ጀምሯል። ደብተሩ ዛሬ የማንኛውም የመሬት ውርስ ጉዳይ የመጀመሪያ ማስረጃ ነው።

ሁለት ዓይነት ሀብት፣ ሁለት ዓይነት ሕግ

በአርሶ አደር ውርስ ላይ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ሟቹ ትቶት የሚያልፈው ሀብት በሕግ ፊት ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የግል ንብረት ነው። ቤቱ፣ በሬው፣ ላሟ፣ አህያው፣ በጎቹ፣ የንብ ቀፎው፣ በጎተራ ያለው እህል፣ በባንክ ያለው ገንዘብ፣ ሞፈር ቀንበሩና ሌላው የእርሻ ዕቃ፣ በመሬቱ ላይ የተተከለው ባሕር ዛፍና ጌሾ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው፣ ይህንንም መሸጥ፣ መለወጥና ማውረስ እንደሚችል ደንግጓል። የዚህ ንብረት ውርስ የሚመራው በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

ሁለተኛው መሬቱ ራሱ ነው። በዚያው አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው። አርሶ አደሩ ያለው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው፤ የሚወረሰውም ይህ መብት ነው። ይህን የሚገዙት የመሬት ሕጎች ናቸው፤ በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 456/1997 እና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1324/2016፣ በክልሉ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 46/1992፣ አዋጅ ቁጥር 133/1998 እና የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 252/2009።

ብዙ የቤተሰብ ክርክር የሚነሣው ይህ ልዩነት ባለመታወቁ ነው። የበሬው ወራሽ የሆነ ልጅ የመሬቱም ወራሽ እንደሆነ በርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። በአንጻሩም ማሳው በውርስ የደረሰው ልጅ በማሳው ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ብቻውን የመውሰድ መብት የለውም፤ ዛፉ የጋራ ውርስ ሆኖ የሁሉም ወራሾች ድርሻ ነው።

አስቀድሞ የባልና የሚስት ድርሻ ይለያል

ውርስ የሚከፈለው ከሟቹ ድርሻ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ክፍፍል ከመጀመሩ በፊት በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ድርሻ ተለይቶ መውጣት አለበት። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት፣ ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው፤ ጋብቻው በሞት ሲፈርስም እኩል ይካፈሉታል። በመሬቱም ረገድ ደብተሩ በሁለቱ ስም ከሆነ የሟቹ ድርሻ ግማሹ ነው።

«አባታችን ሞተ፤ መሬቱንና ከብቱን እንካፈል» የሚሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው። እናታቸው የንብረቱ ግማሽ ባለቤት እንጂ ከልጆቿ ምጽዋት ጠባቂ አይደለችም። ግማሹ የእርሷ ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ልትጠቀምበት፣ ራሷም በተራዋ ልታወርሰው ትችላለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው፣ በውርስም እኩል እንደሚስተናገዱ በግልጽ አስፍሯል።

በሌላ በኩል በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ያለ ኑዛዜ የሟቹ ወራሽ አይደለም። ግማሽ ድርሻውን ይወስዳል፤ የሟቹ ግማሽ ግን ለልጆቹ ይተላለፋል። ባል ለሚስቱ፣ ወይም ሚስት ለባሏ፣ ከራስ ድርሻ ተጨማሪ ለመተው የሚፈልጉ ከሆነ በኑዛዜ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

ሟቹ ከአንድ በላይ ትዳር የነበረው ሲሆን ጉዳዩ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እያንዳንዱ ትዳር በቆየበት ጊዜ የተፈራው ንብረት ለየብቻ ይጣራል፤ ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስና በስጦታ የተገኘ ንብረትም በግልነቱ ይለያል። የመጀመሪያዋ ሚስት ልጆችና የኋለኛዋ ሚስት ልጆች ግን ከአባታቸው ድርሻ ላይ እኩል ወራሾች ናቸው።

ወራሽ ማን ነው?

ኑዛዜ በሌለበት ጊዜ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 842 የሟቹን ልጆች ቀዳሚ ወራሾች ያደርጋል፤ ሁሉም እኩል ይካፈላሉ። ከልጆቹ አንዱ ቀድሞ ሞቶ ልጆች ትቶ ከሆነ እነዚያ የልጅ ልጆች የወላጃቸውን ድርሻ በምትክነት ይወስዳሉ። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ የሟቹ አባትና እናት፣ እነርሱም ከሌሉ የእነርሱ ተወላጆች፣ ማለትም ወንድሞችና እኅቶች ይወርሳሉ።

በሕጉ ፊት የወራሽ ጾታ፣ ዕድሜና በጋብቻ ውስጥ ወይም ከጋብቻ ውጭ መወለዱ ለውጥ አያመጣም። ባል አግብታ ወደ ሌላ ቀበሌ የሄደች ሴት ልጅ፣ አዲስ አበባ የምትኖር ልጅ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ በእናቱ ማሕፀን ሳለ አባቱ ሞቶበት በኋላ በሕይወት የተወለደ ልጅ ሁሉም ልጆች ናቸው። በሕግ የተደረገ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል። የእንጀራ ልጅ ወይም በቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ግን ጉዲፈቻው በሕግ ካልጸደቀ በስተቀር በማደጉ ብቻ ወራሽ አይሆንም። አሳዳጊው እንዲወርስ ከፈለገ በኑዛዜ ሊያስብለት ይገባል።

አውራሹን ሆን ብሎ የገደለ ሰው መውረስ አይገባውም። ወንጀሉ በአውራሹ ልጅ፣ ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ላይ የተፈጸመ እንደሆነም ሕጉ ያንኑ ይላል።

መሬቱን በተመለከተስ?

በመሬት ውርስ ላይ ሕጎቹ ሌላ ጥያቄ ይጨምራሉ፤ መሬቱ የአርሶ አደሩ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኖ እንዲቀጥል የሚያደርገው ማን ነው? የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባለይዞታው መብቱን በውርስ ለቤተሰቡ አባላት ማስተላለፍ እንደሚችል ሲደነግግ፣ የቤተሰብ አባል ማለት ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት አብሮ የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው መሆኑን ተርጉሞ ነበር። የክልሉ ሕጎችም በተለያየ መልክ ቅደም ተከተል አስቀምጠዋል፤ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ጥበቃ አድርገዋል፤ በኑዛዜ ማውረስንም ፈቅደዋል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሕጉ በየጊዜው ስለተለዋወጠ በአንድ ውርስ ላይ ተፈጻሚ የሚሆነው ባለይዞታው በሞተበት ዕለት በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ነው። በ1996 ዓ.ም ያረፈ አባት ውርስና በ2012 ዓ.ም ያረፈ አባት ውርስ በአንድ አዋጅ አይዳኙም። ስለዚህ ወራሾች ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የሞቱን ቀን በማስረጃ ማረጋገጥ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ከአባቱ ጋር አብሮ ሲያርስ የኖረው ልጅና ከተማ የሚኖረው ልጅ በመሬቱ ላይ ያላቸው ጥያቄ በቤቱና በከብቱ ላይ እንዳላቸው ጥያቄ ላይታይ ይችላል።

ሌላው ወሳኝ ነገር የማሳው መጠን ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬት በውርስ ሲተላለፍ ሕግ ካስቀመጠው አነስተኛ የይዞታ መጠን በታች እንዳይቆራረጥ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያዝዝ ነበር። አባት ከ1989 ዓ.ም ድልድል ያገኘውን ጥቂት ጥማድ ለአምስት ወይም ለስድስት ልጆች ቢከፋፍሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ቤተሰብ የማይመግብ ቁራሽ ነው። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ያለው አማራጭ ማሳውን በጋራ ይዞ መጠቀም፣ አንዱ እያረሰ ለሌሎቹ የእኩል ወይም የተስማሙበትን ድርሻ እንዲያካፍል ማድረግ፣ ወይም በሕጉ መሠረት በጽሑፍና በመሬት ጽሕፈት ቤት በተመዘገበ ውል ማከራየት ነው። መሬት አይሸጥምና «ድርሻህን በብር ግዛኝ» የሚለው ውል ሕጋዊ ዋጋ የለውም፤ ገንዘቡን የከፈለውም መሬቱን አያገኝም፤ የተቀበለውም ለክስ ይጋለጣል።

ኑዛዜ፤ ቃል ብቻ አይበቃም

በአካባቢው ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የንስሐ አባቱን፣ ዘመዶቹንና ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ቃሉን የሚሰጥበት ልማድ ቆይቷል። ሕጉ ይህን ልማድ ከነጭራሹ አልጣለም፤ ወሰን ግን አበጅቶለታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 880 መሠረት ኑዛዜ ሦስት ዓይነት ነው።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፦ ተናዛዡ ራሱ የጻፈው ወይም እርሱ እየተናገረ ሌላ ሰው የጻፈው ሲሆን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ይህም በኑዛዜው ላይ ይጠቀሳል፤ ሁሉም ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን ተስማሚው ይህ ነው።

በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ፦ ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መነገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መኖር አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

የቃል ኑዛዜ፦ ሞት የቀረበበት ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሉን የሚሰጥበት ነው። በዚህ መንገድ ሊነገር የሚችለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ልጆች አሳዳጊነትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከቆየም ቃሉ ይቀራል። ስለዚህ «ሊሞት ሲል መሬቱን ለእኔ ብሏል» የሚለው አቤቱታ በፍርድ ቤት የማይጸናው ምስክሮቹ ስለዋሹ ላይሆን ይችላል፤ ቃል ብቻ ለዚህ ዓይነቱ ሀብት ስለማይበቃ ነው።

ወላጅ ልጁን ከውርስ ሊነቅል የሚችለው በግልጽ ተናግሮና ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ ጽፎ ብቻ ነው። ኑዛዜው ስሙን ባለመጥራቱ ብቻ ልጅ እንደተነቀለ አይቆጠርም። ክፍፍሉም ከተወላጆች አንዱን ሊደርሰው ከሚገባው ድርሻ ከሩብ በላይ የሚጎዳ ከሆነ ተጎጂው እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል።

በሕይወት ሳሉ የተሰጠ ነገርም ግልጽ መሆን ይኖርበታል። በጎጃም ልጅ ሲዳር ለጎጆ መውጫ በሬ፣ ጊደር ወይም የሚያርሰው ማሳ መስጠት የተለመደ ነው። ወላጅ የሰጠው ከውርስ ድርሻው የሚታሰብ ወይም ከድርሻው በላይ የተሰጠ መሆኑን በጽሑፍ ካስቀመጠ፣ ከሞቱ በኋላ «አንተ ቀድመህ ወስደሃል» የሚለው ጠብ አይነሣም። ማሳ ከተሰጠም ስጦታው በመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት።

ስሌቱ በምሳሌ

ነገሩን በአኃዝ ማየት ይጠቅማል። የሚከተለው ቤተሰብ ለማብራሪያ የቀረበ ምሳሌ ነው። ባል ያለ ኑዛዜ ሞቷል። ሚስቱ በሕይወት አለች። አራት ልጆች ወልደዋል፤ ሁለት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶች። ከሴቶቹ አንዷ ከአባቷ ቀድማ ሁለት ልጆች ትታ ሞታለች። ደብተሩ በባልና ሚስት ስም ሲሆን ስምንት ጥማድ፣ ማለትም ሁለት ሄክታር ያህል መሬት ይዟል።

የግል ንብረቱ፣ ማለትም ቤቱ፣ ሁለት በሬዎች፣ ላምና ጥጃ፣ አህያ፣ እህሉና ባሕር ዛፉ በሽማግሌ ግምት 260,000 ብር ተገመተ እንበል። ባልና ሚስት በጋራ የወሰዱት 20,000 ብር የማዳበሪያና የዘር ዕዳ አለ። ዕዳው ሲቀነስ 240,000 ብር ይቀራል። ከዚህ ግማሹ፣ 120,000 ብር፣ የሚስት ነው። የሟቹ ድርሻ 120,000 ብር ይሆናል። ለቀብሩ የወጣው 20,000 ብር ከሟቹ ድርሻ ሲነሣ 100,000 ብር ይቀራል። ይህ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 25,000 ብር ይደርሳል። የሟቿ ልጅ ድርሻ ለሁለቱ ልጆቿ 12,500 ብር፣ 12,500 ብር ሆኖ ይሰጣል።

በመሬቱ ደግሞ አራቱ ጥማድ የእናት ነው፤ አይነካም። የውርስ ጥያቄ የሚነሣው በሟቹ አራት ጥማድ ላይ ብቻ ነው። በመሬት አዋጁ መሠረት ሁሉም ወራሾች ናቸው ከተባለ ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ፣ የሩብ ሄክታር ያህል፣ ይደርሳል ማለት ነው፤ ለሁለቱ የልጅ ልጆች ደግሞ የእናታቸው ጥማድ ተከፍሎ ግማሽ ግማሽ። እዚህ ላይ ነው ቆራርጦ መካፈል ይሻላል ወይስ በጋራ ይዞ ምርቱን መካፈል የሚለው ምክር የሚያስፈልገው።

ሂደቱ በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ሞቱ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ የሞት የምስክር ወረቀትም ይወጣል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት ለሞተ ሰው ሌላ ማስረጃና ምስክር ይቀርባል።

ቀጥሎ ንብረቱ ይመዘገባል። ከብት፣ እህል፣ ዕቃ፣ ገንዘብ፣ ለሰው የተሰጠ ብድር፣ የእኩል የተሰጠ ማሳ፣ ያለበት ዕዳ ሁሉ ይጻፋል። ይህ ሥራ ሽማግሌዎችና ወራሾች ሁሉ ባሉበት ቢደረግ በኋላ «በሬ ተሸሽጓል» ከሚል ሐሜት ያድናል።

ከዚያ ወራሾች የወራሽነት ማረጋገጫ ለማግኘት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት ለፍርድ ቤት ያመለክታሉ። ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሚሞትበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ ስለሆነ፣ በደብረ ኤልያስ የኖረ ሰው ወራሾች አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ቢኖሩም ጉዳዩ የሚታየው በደብረ ኤልያስ ነው። በውጭ አገር የሚኖር ወራሽ በሚገኝበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ያረጋገጠውን ውክልና ልኮ ሊከራከር ይችላል።

ዕዳና ወጪ ቀድሞ ይከፈላል። ሕጉ የቀብር ወጪን፣ የውርስ ማጣራት ወጪን፣ የሟቹን ዕዳ፣ ከዚያም የቀለብ ግዴታንና በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎችን በቅደም ተከተል አስቀምጧል። የተዝካር ወጪ ግን ወራሾች ተማክረው በፈቃዳቸው ቢሸፍኑት ይመረጣል፤ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ ድርሻ ላይ በሬ አርዶ ድግስ መደገስ ሕፃኑን ያስርባል።

ቀጥሎ ክፍፍሉ ይፈጸማል። ወራሾች ከተስማሙ ድርሻቸውን በዓይነት ይካፈላሉ፤ እኩል የማይሆነውን በገንዘብ ያካክሳሉ፤ የማይስማሙበትን በዕጣ ይወስናሉ። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለ ሞግዚት ሊቆምለት ግድ ነው፤ ሞግዚቱም ራሱ የጥቅሙ ተካፋይ ሲሆን ሌላ ጠባቂ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ የወራሽነት ማረጋገጫው፣ የክፍፍል ስምምነቱና የቀድሞው ደብተር ተይዘው ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይቀርባሉ፤ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በኩል ተጣርቶ ይዞታው በወራሾች ስም ይዛወራል። ደብተሩ በሟች ስም እየቆየ ሲታረስ የኖረ ማሳ የክርክር ዘር ነው።

ሽማግሌና ፍርድ ቤት

በጎጃም የሽምግልና ሥርዓት ብዙ የውርስ ጠቦችን ከፍርድ ቤት በፊት አርግቧል። ሽማግሌ ማሳውን ያውቃል፤ ድንበሩን ያውቃል፤ ማን እናቱን እንደጦረም ያውቃል። ሕጉም ወራሾች በስምምነት እንዲካፈሉ ይፈቅዳል። ነገር ግን ሽማግሌ ሊያደርገው የማይገባው ነገር አለ። «ያገባሽ ነሽ፤ ለወንድሞችሽ ተይላቸው» ብሎ ሴት ልጅን በይሉኝታ ማስፈረም፣ የሕፃን ድርሻን ማሳነስ፣ ሚስትን ከግማሽ ድርሻዋ ማስወጣት ሽምግልና አይባልም። የቀደመው የርስት ሥርዓት እንኳ በእናት ወገን የሚመጣውን መብት ይቆጥር ነበር።

ስምምነት ካልተገኘ ጉዳዩ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ይግባኙም በደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመራል። በዚህ ጊዜ ጊዜ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን መብትም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት ያለ ወራሽነቱ የውርስ ሀብት የያዘን ሰው ለመክሰስ፣ ከሳሹ መብቱንና የተያዘበትን መሆኑን ካወቀ ሦስት ዓመት ይቆጠራል። «ወንድሜ ነው፤ አይክደኝም» ብሎ ዓመታትን ዝም ማለት መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

ወላጆች በሕይወት ሳሉ ሊሠሩት የሚችሉት

ብዙው ችግር የሚቀለው ባለሀብቱ በሕይወት እያለ ነው። ደብተሩ ትክክለኛ ስምና የማሳ መጠን መያዙን ማረጋገጥ፣ የጋብቻና የልደት ምዝገባን ማሟላት፣ በቤት ያደገ ልጅ ካለ ጉዲፈቻውን በፍርድ ቤት ማስጸደቅ፣ ለልጅ የተሰጠውን ማሳና ከብት መጻፍ፣ ብድርና የእኩል ውልን መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ኑዛዜ ካስፈለገም በአራት ምስክሮች ፊት ማድረግና በፍርድ ቤት ማስቀመጥ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የኑዛዜ ምስክሮች ከተጠቃሚዎቹ ውጭ ያሉ፣ ዕድሜያቸው ከተናዛዡ ያነሰና በቀላሉ ሊገኙ የሚችሉ ቢሆኑ ይመረጣል።

ለወራሾች ደግሞ ምክሩ አጭር ነው። የእናትን ድርሻ አስቀድሞ መለየት፤ የእኅትን ድርሻ አለመዘንጋት፤ ሕፃን ካለ ጠባቂ ማቆም፤ ዕዳውን መክፈል፤ የተስማሙበትን መጻፍ፤ ደብተሩን በጊዜ ማዛወር። ክፍፍሉ ከመኸር እርሻ በፊት ሲያልቅ ማሳው ጦም አያድርም፤ ወንድማማቾችም ክረምቱን እያረሱ እንጂ እየተካሰሱ አያሳልፉትም።